የበረዶ ተራራ ለማየት ወደ ኒውፋውንድላንድ ለምትመጡ

በየዓመቱ መጋቢት ሲጋመስ ስልኬ ይበዛል። ከቶሮንቶ፣ ከኦታዋ፣ ከካልጋሪ፣ አንዳንዴም ከዋሽንግተን ዲሲ የሚደውሉልኝ ወገኖች ጥያቄ አንድ ነው፤ «አይስበርጉን ለማየት መቼ እንምጣ?» የምኖረው በካናዳ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በኒውፋውንድላንድ ደሴት፣ ሴንት ጆንስ ከተማ ነው። ብርዱ ላላ ብሎ ቀኑ መርዘም ሲጀምር አይስበርግ የሚባሉት፣ ከሰሜን ባሕር ላይ ተንሳፍፈው የሚወርዱ የበረዶ ተራሮች በዚህ ዳርቻ በኩል ያልፋሉ። እዚህ ከከተምኩ ጀምሮ ጸደይ በመጣ ቁጥር የዕረፍት ቀኔን የምሰጠው ለእነሱ ነው። ስልክ ላይ በችኮላ የምናገረውን አንዴ በደንብ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

መልሱ አጭር ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁን አጋማሽ፣ በእኛ በአብዛኛው ግንቦት ወር። ግን ይህን ብቻ ይዞ ትኬት የቆረጠ ሰው ምንም ሳያይ ሊመለስ ይችላል። ከቀኑ በላይ የሚወስነው ነፋሱ ነው። ከነፋሱም በላይ የሚወስነው አንድ መንደር ውስጥ ተረጋግታችሁ ለመቀመጥ ያላችሁ ፈቃድ ነው። ሦስት ቀን ካላችሁ ሦስቱንም አንድ ቦታ አሳልፉ። በየቀኑ ከመንደር መንደር እየዞረ የሚያሳድድ ሰው፣ ተራራው ትናንት የነበረበት ቦታ ላይ ነው ዛሬ የሚደርሰው።

ከየት እንደሚነሱ ብታውቁ የቀሩት ምክሮቼ ይገቧችኋል። አብዛኞቹ የሚወለዱት በምዕራብ ግሪንላንድ ነው። በብዙ ሺህ ዓመታት የወረደ በረዶ በራሱ ክብደት እየታመቀ ግግር ይሆናል፤ ግግሩ ቀስ እያለ ወደ ባሕር ይንሸራተታል፤ ጫፉ ውሃው ላይ ሲደርስ ይገመሳል። ከግግሮቹ ስመ ጥሩ በኢሉሊሳት ከተማ አጠገብ ያለው ሴርሜክ ኩያሌክ ነው። በዓለም ላይ ፈጥነው ከሚጓዙት አንዱ ሲሆን በቀን 40 ሜትር ያህል የተንቀሳቀሰበት ጊዜ አለ። ተገምሶ የወደቀው ተራራ ታዲያ ወዲያው ወደ ደቡብ አይመጣም። መጀመሪያ የግሪንላንድን ዳርቻ ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ባፊን የተባለውን ባሕር ዞሮ በካናዳ በኩል ይመለሳል፤ ከዚያ የላብራዶር ቀዝቃዛ የውሃ ጅረት ተቀብሎ ወደ እኛ ያወርደዋል። እዚህ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። መንገድ ላይ የሚቀረው ይበዛል፤ አንዱን ጥልቀት የሌለው ባሕር መሬት አስይዞ ያስቀረዋል፣ ሌላው ይሰባበራል፣ ሌላው ይቀልጣል። ከመንደሩ ፊት ሲያልፍ የምታዩት ከብዙዎች መካከል የተረፈውን ነው። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ አንዱንም ተራራ በችኮላ አይቼ መሄድ አልችልም።

ቁጥራቸው ከዓመት ዓመት አይገናኝም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1912 ታይታኒክ ከዚህ ደሴት በስተደቡብ ምሥራቅ ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች፤ ከ1,500 በላይ ሰው አለቀ። ከዚያ ጥፋት በኋላ በ1914 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የበረዶ ቅኝት እስከ ዛሬ በአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ እየተመራ ይሠራል። ከ48 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አልፈው ወደ ደቡብ የወረዱትን ተራሮች በየዓመቱ ይቆጥራል። በ1984 የተቆጠሩት 2,202 ነበሩ። በ2006 አንድም አልነበረም። ልዩነቱን ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ የባሕሩ በረዶ ነው፤ ዊንተሩ በርትቶ ባሕሩ ላይ ሰፊ በረዶ ከተዘረጋ ተራሮቹን ከማዕበል ይጋርድላቸዋል፣ ብዙዎቹም ሳይሰባበሩ ይወርዳሉ። ያ የመቁጠሪያ መስመር ከሴንት ጆንስ ትንሽ በስተሰሜን ያልፋል። ስለዚህ ሴንት ጆንስ ላይ ብቻ ተስፋ አትጣሉ። ወደ ሰሜን በሄዳችሁ ቁጥር ዕድላችሁ ይሰፋል፣ ወቅቱም ይረዝማል። ቦናቪስታ ከሴንት ጆንስ ይሻላል፤ ትዊሊንጌት ከቦናቪስታ ይሻላል፤ በደሴቱ ሰሜናዊ ጫፍ ያለችው ሴንት አንተኒ ደግሞ ከሁሉም ትበልጣለች። ልጆቻችሁ ትምህርት እስኪዘጋ ጠብቃችሁ በጁን መጨረሻ የምትመጡ ከሆነ ከሴንት አንተኒ ወዲህ አትቁሙ።

አሁን ወደ ነፋሱ ልምጣ። ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ተራሮቹን ወደ ዳርቻ ያስጠጋቸዋል። ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። የሚያስቸግረው፣ የሚያስጠጋው ነፋስ ብርድ፣ ጉምና ካፊያ ይዞ መምጣቱ ነው። ሙቀት የሚያመጣው ደግሞ ያርቃቸዋል። የአየር ትንበያ ላይ ፀሐይ ያለበትን ቀን እየመረጡ የሚመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ባዶ ባሕር የሚያዩት በዚህ ምክንያት ነው። እኔ የምመርጠው፣ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ሁለት ሦስት ቀን ነፍሶ ጋብ ባለበት ማግስት ያለውን ጠዋት ነው። ጉሙ ሲነሣ ትናንት ያልነበረ ነገር ፊታችሁ ቆሞ ታገኙታላችሁ።

ነፋስ ግን ሁሉን አይነዳም። የትልልቆቹ አካል አብዛኛው ከውሃ በታች ስለሆነ እነሱን የሚወስዳቸው በዋናነት ጅረቱ ነው፤ ነፋሱ የበለጠ የሚያንከራትተው ትንንሾቹን ነው። አንድ ቀን ከገደል ላይ ሆናችሁ ትንሹ በአንድ በኩል፣ ትልቁ በሌላ በኩል ሲሄዱ ብታዩ አትደነቁ፤ ሁለቱን የያዛቸው ኃይል የተለያየ ነው። በአማካይ በሰዓት ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች ነው የሚጓዙት። ዓይን ተክሎ ለሚያያቸው የቆሙ ይመስላሉ። ከባሕሩ ወዲህ ያለ ነገር፣ የጀልባ ማሰሪያ እንጨትም ይሁን የቤት ጥግ፣ ምልክት አድርጋችሁ ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ፤ ያኔ መንቀሳቀሱን ታያላችሁ።

የት እንዳሉ ለማወቅ የካናዳ የበረዶ አገልግሎት የሚያወጣው ካርታ አለ፤ የክፍለ ሀገሩ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ደግሞ አይስበርግ ፋይንደር የሚባል ካርታ ለጎብኚዎች አዘጋጅቷል። ሁለቱንም እጠቀማለሁ። ከሁለቱም በላይ የማምነው ግን የምታርፉበትን ቤት ባለቤት ነው። ከመነሣታችሁ በፊት ደውሉና «ዛሬ ከመስኮትዎ ምን ይታያል?» ብላችሁ ጠይቁ። የዚህ አገር ሰው ለእንግዳ ሩኅሩኅ ነው፤ የሌለውን አለ ብሎ አያስመጣችሁም፣ ጎረቤቱንም ጠይቆ ይመልስላችኋል።

ከሴንት ጆንስ ሳይርቁ ስለሚታዩት አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ2009 ዓ.ም. የእኛና የፈረንጆቹ ፋሲካ በአንድ ቀን ዋለ፤ ኤፕሪል 16 ቀን 2017። በዚያ ሰሞን ከከተማው በስተደቡብ 75 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ፌሪላንድ ፊት ለፊት፣ ቁመቱ 46 ሜትር ገደማ የሚሆን ተራራ መጥቶ ቆመ፤ ፎቶውም ዓለምን ዞረ። እኛም የአገር ቤቱን ቅዳሴ በስልክ ተከታትለን፣ ጾም ፈትተን፣ ከሰዓት በኋላ ተሰባስበን ሄድን። ጠባቡ የዳርቻ መንገድ በመኪና ተጨናንቆ ነበር። ሰው ከመኪናው ወርዶ ፎቶ ያነሣል፣ ተመልሶ ይገባል፣ ይሄዳል። እኛ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያ ነጭ ግድግዳ መጀመሪያ ወደ ቢጫ፣ ቀጥሎ ወደ ሮዝ፣ በኋላ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ ያየነው ቀድመው ከሄዱት ሁሉ ዘግይተን ስለቆየን ነው። እንዲህ ያለ ወሬ ስትሰሙ ወይ በማለዳ ሂዱ ወይ ሰው መመለስ ሲጀምር ሂዱ፤ መኪናችሁንም የሰው ደጅ ዘግታችሁ አታቁሙ።

በጣም የምወደው ግን ትዊሊንጌት ነው። ከሴንት ጆንስ በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ ጋንደር ከተማ ላይ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ሰሜን ይወጣል። ደሴት ቢሆንም ባሕሩ ላይ በተሠራ መንገድ ከዋናው ደሴት ጋር ተገናኝቷል። ከመንደሩ በላይ፣ ሎንግ ፖይንት በሚባለው ገደል አናት ላይ፣ ከ1876 ጀምሮ ለመርከቦች የሚያበራ የመብራት ማማ ቆሟል። ከዚያ ሆኖ ባሕሩ ወለል ብሎ ይታያል።

አንድ ግንቦት እዚያ አንድ ተራራ ወሽመጡ አፍ ላይ መሬት ይዞት ቆሞ አገኘሁና ሌላ ሳልፈልግ እሱኑ ሳይ ሰነበትኩ። ከሩቅ ነጭ ብቻ የሚመስለው በርቀት መነጽር ሲታይ ብዙ ነገር አለበት። ነጭነቱ በውስጡ ከታመቁት የአየር አረፋዎች ነው። ሰማያዊ ሰማያዊ መስመር የምታዩበት ቦታ፣ የቀለጠ ውሃ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ እንደገና የረጋበት ነው፤ አረፋ ስለሌለው ብርሃኑን ሌላ ዓይነት ያሳልፈዋል። ከወገቡ ላይ በሰያፍ የተሳለ ለስላሳ ቦይ ነበረው፤ ከዚህ በፊት ውሃው የሚነካው እዚያ ጋ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ተጋድሟል ማለት ነው። ከግርጌው ዙሪያ ባሕሩ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፤ ከውሃ በታች የተዘረጋው እግሩ ነው። ልጆች ቦርሳ አዝለው ወደ ትምህርት ቤት ሲያልፉ ዞር ብለው አያዩትም። ለእነሱ ግንቦት ማለት ይኸው ነው።

ጀልባ ማሰሪያው ጋ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ግን ያዩት ነበር። «ልጄ፣ ተራራውን ተወውና ከጀርባው የሚወጣውን ስብርባሪ እይ» አሉኝ። «ስብርባሪው ከበዛ ሊገለበጥ ነው፤ ያኔ ጀልባ ይዞ የሚቀርብ ሰው እናቱ ታልቅስለት።» እውነትም በማግስቱ ከቀትር በኋላ ተገለበጠ። መጀመሪያ አንድ ጎኑ ወለቀ፤ ድምፁ ገደሉ ላይ ላለነው ዘግየት ብሎ ደረሰ፣ ደረት ውስጥ የሚሰማ ድምፅ ነው። ከዚያ የቀረው አካል ወደ አንድ በኩል አዘመመ፣ ተመለሰ፣ እንደገና አዘመመና ዞረ። ከታች የወጣው ገጽ በውሃ የተላገ፣ አብረቅራቂ፣ ሰማያዊ ነበር። ማዕበሉ ወሽመጡ ውስጥ ገብቶ የታሰሩትን ጀልባዎች ገመዳቸውን እስኪወጥሩ አንገላታቸው። አንዳንዱ ተራራ ቀኑን ሙሉ አንዲት ፍንካች ላይጥል ይችላል፤ ይህንን ለማየት የበቃሁት ስለሰነበትኩ ብቻ ነው።

ስለዚህ ርቀት ጠብቁ የምለው ለደንብ ያህል አይደለም። ተራራው ከታች በኩል ሳይታይ ይቀልጣል፤ ሚዛኑ ሲፈርስ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። እዚህ የሚነገረው ልክ ይህ ነው፦ የተራራውን ርዝመት ያህል፣ ወይም የቁመቱን ሁለት እጥፍ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ራቁ። ርዝመቱ 60 ሜትር፣ ቁመቱ 40 ሜትር ከሆነ 80 ሜትር ማለት ነው፤ እኔ ግን ከዚያም እጨምራለሁ። ጀልባ የምትከራዩ ከሆነ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ያዙ። ካፒቴኑ «ከዚህ በላይ አልጠጋም» ሲል አመስግኑት እንጂ አትለምኑት። ካያክ በምትባለው ትንሽ የመቅዘፊያ ጀልባ ብቻችሁን አትውጡ። ውሃው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የወደቀ ሰው እጁ የማይታዘዝለት በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ዳርቻ ላይ መሬት የያዘውን በረዶ ላይ መውጣት ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብም፤ ፎቶ ለመነሣት ሲሞክሩ ያየኋቸው አሉ፣ ልቤ ይቆማል።

ብዙ ሰው «ከላይ የሚታየው አንድ አሥረኛው ነው» ሲባል ሰምቶ ቁመቱን በዘጠኝ ያባዛል። እንዲያ አይደለም። የሚነገረው ስለ ጠቅላላ ይዘቱ ነው፤ በረዶው ከባሕር ውሃ ጥቂት ብቻ ስለሚቀል ከይዘቱ ዘጠኝ አሥረኛው ያህል ይሰጥማል። ጥልቀቱ ግን እንደ ቅርጹ ነው፤ ከላይ ሹል ሆኖ ከታች ሰፊ ከሆነ ያን ያህል አይወርድም። ለእናንተ የሚጠቅማችሁ ወደ ታች የሚወርደው ሳይሆን ወደ ጎን የሚዘረጋው ነው። እግሩ ዓይናችሁ ከሚያየው በላይ ወደ ጀልባችሁ ሊደርስ ይችላል።

ለመንደሩ ሰው ይህ ሁሉ ትዕይንት ብቻ አይደለም። በጸደይ የሸርጣን አጥማጆች ባሕር ላይ ናቸው። ተራራው የዘረጉትን ወጥመድ ጎትቶ ይወስድባቸዋል፣ የወሽመጡን አፍ ይዘጋባቸዋል። ይህ አገር በኮድ ዓሣ የቆመ ነበር፤ ዓሣው ተመናምኖ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1992 መንግሥት ማጥመዱን ሲያግድ 30,000 ያህል ሰው ሥራ አጣ። እገዳው የተነሣው በ2024 ነው። በዚያ መካከል ብዙ ቤተሰብ የእንግዳ ማረፊያ ከፈተ፣ የዓሣ ጀልባውን ለጎብኚ አዘጋጀ። እና ስትመጡ ለአንድ ሰዓት አይታችሁ አትመለሱ፤ እደሩ፣ ከመንደሩ ሱቅ ግዙ፣ ምሳችሁን እዚያ ብሉ። አይስበርጉ የወሰደውን ወጥመድ ባይመልስም ለቤቱ የሚገባ ነገር ይኖራል።

ዳርቻ ላይ ተሰባብሮ የወጣ ትንሽ ቁራጭ ካገኛችሁ ግን ውሰዱ። ነዋሪዎቹ ለቅመው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡታል። ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ጨምራችሁበት ጆሯችሁን አስጠጉ፤ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የታመቀው አየር ሲያመልጥ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል። ላዩ ላይ ያለውን ጨው መጀመሪያ እጠቡት፤ ውስጡ ንጹሕ፣ ጨው አልባ ነው። ልጆቼ ይህን ከተራራው እኩል ይወዱታል።

የቀረውን ፈጠን ፈጠን ልበል። ግንቦት ነው ብላችሁ ስስ ልብስ ይዛችሁ አትምጡ፤ ከባሕሩ የሚነፍሰው ነፋስ አጥንት ይገባል። የሱፍ ሹራብ፣ ነፋስ የማያስገባ ካፖርት፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ የማይንሸራተት ጫማ። የገደሉ ሣር እርጥብ ስለሆነ ልጆችን እጃቸውን ይዛችሁ ሂዱ። የኪራይ መኪና ቶሎ ያልቃል፣ ከወራት በፊት ያዙ። ከመሸ በኋላ አትንዱ፤ እዚህ ሙስ የሚባል ትልቅ የዱር እንስሳ አለ፣ ቀለሙ ከጨለማው ጋር ይመሳሰላል፣ እግሩ ረጅም ስለሆነ ሲመታ በመስታወቱ በኩል ነው የሚገባው። ሰዓታችሁን ከቶሮንቶ በአንድ ሰዓት ተኩል ወደፊት አድርጉ።

ምግብን በተመለከተ፣ ግንቦት ብዙ ጊዜ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል ለጾመኛ ይቀላል። በኤፕሪል ዐቢይ ጾም ላይ ወይም በጁን የሐዋርያት ጾም ከገባ በኋላ የምትመጡ ግን ስንቃችሁን ያዙ። የትንንሽ መንደር ምግብ ቤት የሚያቀርበው በአብዛኛው የተጠበሰ ዓሣና ድንች ነው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ፣ ደርቆሽ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም፤ የሚከራዩ ቤቶች ብዙዎቹ ምድጃ አላቸው።

የመመለሻ ትኬታችሁን ስትቆርጡ ከሰሜን በምትመለሱበት ቀን አታድርጉት። የሴንት ጆንስ አውሮፕላን ማረፊያ በጸደይ በጉም ምክንያት በረራ የሚሰረዝበት ነው፣ መንገዱም ረጅም ነው። አንድ ቀን ከተማው ውስጥ እደሩ፤ በማለዳ ተነሥታችሁ ሲግናል ሂል ወደሚባለው ኮረብታ ወይም፣ ግሪንላንድን ሳንቆጥር፣ የሰሜን አሜሪካ የመጨረሻው ምሥራቃዊ ነጥብ ወደሆነው ኬፕ ስፒር ውጡ። ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ከሆነ ካሜራችሁን አትርሱ።